እህቴ «ደሴት» ላይ የዘፈነችበት ቅዳሜ

ላንጋኖ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ውሃው ያወራል። እኔ ስለ ውሃው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። የተረፈው ወረቀት በሙሉ የንዴቴ ነው።

የክፍሌ ልጆች ከመጣሁ ጀምሮ «እስቲ ንገሪን፣ ጭፈራ ቤቱ እንዴት ነው? ነጮቹ እውነት በጡት ማስያዣ ነው የሚውሉት?» እያሉ አላስቀምጥ ብለውኛል። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ከክፍል ክፍል እያዞሩ ካነበቡት ወዲህ እጄ ብዕር ሲይዝ ራሱ ይሮጣል፤ ደስም ይለኛል፣ አልዋሽም። ንዴት ሲነዳው ደግሞ የት እንደሚደርስ አብረን እናያለን።

ነገሩ የተጀመረው ናዝሬት፣ እኛው ቤት፣ ምሳ ላይ ነው። ጋሽ ወርቅነህ የሚባሉ ጎረቤት አሉን፤ አኮርዲዮን ይጫወታሉ፣ የአንድ ባንድ መሪ ናቸው። ባንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ይጫወታል። ሴት ዘፋኛቸው አግብታ ጥላቸው ስለሄደች ዓይናለምን ሊጠይቁ መጡ። ዓይናለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዐሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች ወዲህ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ስለ ምርትና ስለ ትግል ስትዘፍን ከርማለች። ስለ ፍቅር መዝፈን እንደ ውሃ ጠምቷታል።

«ቅዳሜ ሦስት ዘፈን ትዘፍናለች» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ የእማዬን ወጥ እያጣጣሙ። «ሰው ከወደዳት የባንዱ ዘፋኝ ናት፤ አለቀ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ደግሞ ክፍሏ ገብታ ትተኛለች። እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን አቁማ ብዙ አየቻቸው። «ታናሿ አብራት ትሂድ» አለች በመጨረሻ። እንግዲህ ጠባቂ ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት፣ ቁመቴ የእህቴ ጆሮ ድረስ።

ዓርብ

በጠዋት ሻንጣችንን ይዘን ጋሽ ወርቅነህ ደጅ ቆምን። ፔጆዋ እስከ አንገቷ ተጭናለች። ከኋላ ከበሮ፣ ከላይ ጊታር፣ እኛ እንቀመጥበታለን ባልነው ወንበር ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው እንደ ሕመምተኛ በገመድ ተደግፈዋል።

«እናንተ በአውቶቡስ ኑ» አሉ። «ማጉያው መንገድ ላይ ከተመታ ጉድ ነው፤ መለዋወጫ የለውም።»

«እኛስ መለዋወጫ አለን?» አልኩ።

ዓይናለም ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ማጉያው በመኪና፣ ድምፁ በአውቶቡስ! ንዴቴ የጀመረው እዚያ ነው፣ ገና ከሰፈራችን ሳንወጣ። (ሰውዬውን እስከ መጨረሻው «አሉ» እያልኩ ነው የምጽፋቸው። የእማዬ አስተዳደግ ነው እንጂ የእሳቸው ሥራ አይደለም።)

ያለ መሸኛ ወረቀት ከከተማ መውጣት እንደማይቻል ታውቃላችሁ። የቀበሌያችን ጸሐፊ ደግሞ «ጭፈራ ቤት ልትዘፍን» ብሎ መሸኛ አይጽፍም፤ ስለዚህ «የታመመች አክስት ለመጠየቅ» ተብሎ ተጻፈልን። ሞጆ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ፈታሹ ወረቀታችንን አገላብጦ፣

«አክስታችሁ ምናቸውን ነው ያመማቸው?» አለ።

«ጉሮሮዋን» አለች ዓይናለም።

«እግሯን» አልኩ እኔ፣ እኩል።

ፈታሹ የእህቴን የተኳለ ዓይን አየ፣ አዲሱን ባለተረከዝ ጫማዋን አየ። «ምስኪን! ዘፈንም ጭፈራም ቀረባቸው በሉኛ» ብሎ ወረቀቱን መለሰልን። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። በዚያ ጉዞ ካገኘናቸው ባለሥልጣኖች የሰው ጠባይ ያየሁት እሱ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይመዝገብለት።

ቆቃን አልፈን፣ ዓለም ጤናን አልፈን ጎማ ፈነዳ። ተለዋጩ ሲወርድ እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን ጭነት መኪና ላይ ሰቅሎ ወደ ኋላ ሄደ፣ እኛ ግራር ሥር ተቀመጥን። ናዝሬት ቢሆን ጋሪ ጠርተን እንሄድ ነበር፤ ናዝሬት የትም ቁሙ የትም ፈረስ ይመጣል። እዚያ ግን የመጣው አቧራ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ «ልጆች፣ ጥላው ሲዞር አብራችሁ ዙሩ» ብለው መከሩን፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ግራሩን ስንዞረው ዋልን። የዓይናለም ኩል ወረደ። አዲሱን ጫማ አውልቃ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

መቂ ስንደርስ መሽቷል፤ ሾፌሩም «እዚህ እናድራለን» አለ። ያገኘነው አልጋ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመው ሰውዬ ከእግር እስከ ራስ አየን።

«ሁለት ሴት ብቻችሁን? ወንድ የላችሁም?»

«የለንም።»

«ምን ዓይነት ሴቶች ናችሁ?»

እኔ «የደከመን ዓይነት» አልኩት። በሩን ዘጋው።

ይህን ጊዜ ነው ከመንገዱ ማዶ ሻይ የሚሸጡ አንዲት ትልቅ ሴት «ኮቱ! ኑ ወዲህ ልጆቼ!» ብለው የተጣሩት። አዴ ፋጡማ ይባላሉ፤ መቂ ውስጥ ስማቸውን የማያውቅ የለም። የሻይ በራዳቸውን በአንድ እጅ፣ ሻንጣችንን በሌላው አንሥተው ቤታቸው ወሰዱን። ግማሹ ቤት ቲማቲም ነው። ቲማቲሙን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ሰሌን ዘረጉልን፣ ውሃ አሙቀው እግራችንን አስታጠቡን። ሽሮውን ሲያቀርቡ፣

«ብሉ፣ አትፍሩ። ዛሬ ለእናንተ ጾም አይደል? ቅቤ የነካውን ድስት አልተጠቀምኩም» አሉ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው። የእኛን ዓርብ እኛ ሳንነግራቸው አስታወሱ።

የት እንደምንሄድ ሲሰሙ ዓይናለምን «ታዲያ ዝፈኚልኛ» አሏት። እህቴ ኪነት ውስጥ የተማረችውን የኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን ዘፈነች። መጀመሪያ አዴ ፋጡማ ብቻ አጨበጨቡ። ሁለተኛው አዝማች ላይ አጥሩ ሥር ሰው ቆሟል፤ ሦስተኛው ላይ ሰው ቲማቲሙ ላይ ተቀምጧል። እኔ የእህቴን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ ከማድቤት ስሰማው ስለኖርኩ ልክ እንደ ቧንቧ ውሃ ለምጄው ነበር። እዚያ ቤት ግን የሌላ ሰው ሆኖ ሰማሁት። የቀበሌው የሰዓት እላፊ ፊሽካ ሲነፋ ሰዉ ሁሉ ጫማውን እየፈለገ ሮጠ።

«ይህችን ልጅ ትቶ ሣጥን በመኪና የጫነ ሰውዬ» አሉ አዴ ፋጡማ ፋኖሱን እያጠፉ፣ «ጆሮ አለው ትያለሽ?»

ቅዳሜ

«አካም ቡልተን?» ብለው ቀሰቀሱን። እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ሻይ አጠጡን፣ ሦስት ፓፓያ ጨመሩልን፣ ልንከፍል ስንል የእውነት ተቆጡ። ከዚያ ዝዋይ፣ ከዚያ አዳሚ ቱሉ፣ ከዚያ ቡልቡላ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ግን እንደ ናዝሬት ሙቀት አይደለም። የናዝሬት ሙቀት እንደ ወሬኛ ጎረቤት ተጠግቶ ይቀመጣል፤ የዚያኛው ንፋስ አለበት፣ ይመጣል ይሄዳል።

አውቶቡሱ አስፋልቱ ላይ ጥሎን ሄደ። ሆቴሉ ድረስ በአሸዋ መንገድ በእግር ነው። ስንደርስ ነጮቹ ሐይቁ ዳር ተጋድመዋል፤ ከወንድማማች አገር የመጡ አማካሪዎች ናቸው አሉ። (አዎ ልጆች፣ በጡት ማስያዣ። አሁን ረክታችኋል?) እኛ ለስኳር እንደምንሰለፍ እነሱ ለፀሐይ ተደርድረዋል።

ጋሽ ወርቅነህን ቢራ ይዘው ጥላ ሥር አገኘናቸው። «የት ጠፋችሁ? ተጨነቅሁ እኮ!» አሉ። ጭንቀታቸው ፊታቸው ላይ አይታይም። ክፍል ብለው ያሳዩን የቢራ ሣጥን ማከማቻ ነው፤ ሣጥኖቹ መሃል አንድ ፍራሽ ተዘርግቷል።

«አርቲስት የትም ይተኛል» አሉ።

«እርስዎስ የት ነው የሚተኙት?» አልኩ።

«ሰባት ቁጥር» አሉ፣ ሳያፍሩ።

ጭፈራው ያለው «ደሴት» የሚሏት ላይ ነው። እውነተኛ ደሴት አይደለችም፤ ሐይቁ ውስጥ በግንድ ላይ የተሠራች ክብ የእንጨት መድረክ ናት፣ ጣራዋ ሣር፣ ከዳርቻው ጋር የምትገናኘው በአንዲት ጠባብ ድልድይ ብቻ። አባባ ደምሴ የሚባሉት ዘበኛ ታሪኳን ነገሩኝ።

«ድሮ አንድ ግሪክ ነው ያሠራት። በአገሩ ባሕር መሃል ሰው ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ ቀን የሚተኛበት ደሴት አለ ይል ነበር። እሱን ናፍቆ ነው። አሁን የመንግሥት ናት።»

«ሰዓት እላፊስ? ሰው እንዴት ሌሊቱን ይጨፍራል?»

ድልድዩ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት አሳዩኝ። «ስድስት ሰዓት ላይ ይህን እቆልፋለሁ፤ ዐሥራ አንድ ላይ እከፍታለሁ። መሃል ላይ የገባ አይወጣም፣ የወጣ አይገባም። ውስጥ ያለ ሰው መንገድ ላይ አልተገኘ፤ ሕግ አልጣሰ።»

«እኛ ከስድስት በፊት ነው የምንወጣው» አልኳቸው።

«እንዲያ ነው ያሏችሁ?» አሉና ሰንሰለታቸውን መወልወል ቀጠሉ።

ማታ እማዬ የሰፋችውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ዓይናለም መድረክ ላይ ቆመች። ሐቁን ልናገር፣ ያች ሰዓት ቆንጆ ነበረች። መብራቶቹ ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ወለሉ ከጨፋሪው ጋር ይወዛወዛል። ናዝሬት ውስጥ ሰው ሲጨፍር መሬቱ ዝም ብሎ ነው የሚያየው። የመጀመሪያውን ዘፈን ስትጨርስ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። ሁለተኛውን አስደገሟት። አንዷ ቀርታለች፤ አንዷን ከዘፈነች የባንዱ ዘፋኝ ናት። ከበሮ መቺው፣ ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ያዘችው እኮ!» አለኝ።

እኔም ሥራ አግኝቼ ነበር። ባንዱ የዘፈን ምርጫ የሚቀበልበት ልማድ አለው፤ እንግዳው ለማን እንደሚጋብዝ ይናገራል፣ አንድ ሰው በወረቀት ይጽፋል፣ ጋሽ ወርቅነህ በማይክራፎን ያነባሉ። ጽሑፌ ያምራል ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ምን ልበላችሁ፣ በደስታ አበድኩ። «ለወይዘሪት አስቴር» በይ ሲሉኝ እኔ «ማለዳን በሳቋ ለምትቀድመው ለወይዘሪት አስቴር» እያልኩ አሳመርኩት። ሰው እያጨበጨበ «ማነው የሚጽፈው?» ይል ጀመር። አስቡት፣ የእኔ ዓረፍተ ነገር በዚያ ማጉያ፣ ሐይቁን አቋርጦ!

የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ካኪ የለበሰ ወፍራም ሰው አለ። በጣቱ ጠራኝ። «ታደለ በይ። ታደለና ጓደኞቹ ለራሳቸው ጋበዙ» አለኝ። እኔም በጥሩ እጅ ጽሑፍ «ለተከበሩ አቶ ታደለና ለጓደኞቻቸው» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ወርቅነህ ሌላ ጋ እያዩ ነበር፤ ጮክ ብለው አነበቡት።

ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ለካ ሰውዬው ጓድ ነው። ትልቅ ጓድ። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። የሒሳብ አስተማሪያችን አቶ ናቸው፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ ናቸው፤ እኔ የማውቀው ክብር እሱ ነው። ለእሱ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አቶ መባል ማዕረጉን እንደ መገፈፍ ነው። (በዚህ ደብተር ውስጥ አቶም ጓድም አያገኝም። አንተ እለዋለሁ። ደብተሩ የእኔ ነው።)

ጋሽ ወርቅነህ ላብ በላብ ሆነው መጡ። «ተቀይመዋል። ዓይናለም ትሂድና አጠገባቸው ተቀምጣ ይቅርታ ትጠይቅ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ልሂድ።»

«አንቺን ማን ጠራሽ? ዘፋኟን ነው ያሉት።» ከዚያ ዓይናቸውን አዞሩ። «ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ነው ሰው ሲልኩ የነበሩት። ምን ላድርግ? ያችም የሄደችው ዘፋኝ ትቀመጥ ነበር። አንድ ኮካ ነው እኮ! ትጠጣለች፣ ታጫውታለች፣ ይነጋል።»

ይነጋል! ስሙልኝ። «ከሰዓት እላፊ በፊት ክፍሏ ትተኛለች» ብሎ የእማዬን ወጥ የበላ አፍ ነው።

«ልዘፍን ነው የመጣሁት ጋሽ ወርቅነህ» አለች ዓይናለም፣ ቀስ ብላ። «ሦስተኛውን ልዝፈንና እንሂድ።»

«ካልተቀመጥሽ ሦስተኛ የለም።»

እጇን ይዤ ወደ ድልድዩ ሮጥኩ። ሰንሰለቱ ተቆልፏል።

«ገና አምስት ሰዓት ከሩብ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባባ ደምሴ ከማዶ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። «አዘውኝ ነው ልጄ» አሉ። «ዛሬ ቀደም አድርገህ ዝጋ ብለው።»

ስንመለስ ሰውዬው ራሱ ተነሥቶ መጣ፤ የእህቴን አንጓ ጨብጦ «ነይ፣ አንበላሽም» እያለ ወንበሩ ላይ ጎትቶ አስቀመጣት። ያ ሁሉ ሰው አየ። ማለዳን በሳቋ የምትቀድመው ወይዘሪት አስቴር እንኳ ብርጭቆዋን ነው ያየችው። ብዕሬ እጄ ላይ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ለጓድ ታደለ ክብርት ባለቤትና ለውድ ልጆቻቸው፣ በዚህ ሌሊት ቤታቸው ሆነው አባታቸውን በናፍቆት ለሚጠብቁ። በድምፃዊት ዓይናለም።»

ጓድ የሚለውን አደመቅሁት። ወረቀቱን ከሌሎቹ መሃል ሰክቼ ለጋሽ ወርቅነህ ሰጠሁ። እሳቸው ደንግጠው ስለነበር ያገኙትን ነው የሚያነቡት፤ ግማሹ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ፣ ማጉያው ግን አልቀነሰም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሳቁን ለመሸፈን አጨበጨበ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። የጓድ ቤተሰብ ተጠርቶ የማያጨበጭብ ማን ነው? ሰውዬው ራሱ ሁለት እጁን ለማጨብጨብ የእህቴን አንጓ መልቀቅ ነበረበት። ለቀቀው። እሷም ተጠርታለችና ተነሥታ ወደ ማይክራፎኑ ሄደች።

ልጅ የሚያባብል ዜማ ነው የዘፈነችው። ማንም አልጨፈረበትም። ስትጨርስ ሰውዬው ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ጠበቃት፤ ያኔ ገባኝ። ከመድረክ ከወረደች እዚያ ወንበር ላይ ናት። ካልወረደች ግን የማንም አይደለችም።

ጻፍኩ። «ለወንድማማች አገር እንግዶቻችን፣ በድምፃዊት ዓይናለም።» ነጮቹ ቆመው አጨበጨቡ። «ለወዛደሩ መደብ፣ በድምፃዊት ዓይናለም።» «ለሰፊው ሕዝብ፣ በድምፃዊት ዓይናለም።» ለሰፊው ሕዝብ የተጋበዘን ዘፈን «አይሆንም» የሚል የባንድ መሪ እስቲ አምጡልኝ! ጋሽ ወርቅነህ ያነባሉ፣ ያልባቸዋል፣ አኮርዲዮናቸውን ያነሣሉ። ስም ሲያልቅብኝ አባባ ደምሴን ጓድ ደምሴ አልኩ፤ አስተናጋጆቹን ጓድ አልኩ። እህቴ ለዓመታት የጠማትን የፍቅር ዘፈን ሁሉ ለሰፊው ሕዝብ ዘፈነችለት። ጊታር መቺው አርፋለሁ ብሎ ሲነሣ ከበሮ መቺው «ቁጭ በል» አለው። «እሷ ቆማ አንተ ታርፋለህ?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፅዋ መሻከር ጀመረ። ዐሥር ሰዓት ላይ ከፍ የሚለውን ቦታ በሹክሹክታ ታልፈዋለች። ጫማዋን አውልቃለች። ሰውዬው ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ተኝቷል፤ ግን ወንበሩ እዚያው ነበርና እሷ አልወረደችም። እኔም መጻፌን አላቆምኩም።

እሑድ

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰንሰለቱ ወደቀ። ጋሽ ወርቅነህ ወረቀቶቹን ሰብስበው አንድ በአንድ ሲያገላብጡ ነበር።

«ጋባዥ የላቸውም! ሁሉንም የፈጠርሽው አንቺ ነሽ!»

«የጸሐፊነቱን ሥራ የሰጡኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«ሰውዬው ሲነቁ ቢጠይቁ አንገቴን ነው! ከእንግዲህ ባንዴ አጠገብ እንዳላያችሁ፤ አንቺም እሷም!»

አለቀ። ሌሊቱን በሙሉ ዘፍና፣ ሰው አስነሥታ፣ ነጭ አስጨብጭባ፣ ሥራዋን አጣች። ፔጆዋ ውስጥ ቦታ ይኖር እንደሆን እንኳ አልጠየቅንም።

አባባ ደምሴ ድልድዩ ጫፍ ላይ ሻይ በጣሳ ይዘው ቆመዋል። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ዓይናለም ተቀብላ ጠጣች። ሻንጣችንን ተሸክመው አሸዋውን አቋርጠው አስፋልቱ ድረስ ሸኙን። ሲለዩን፣ «እኔም እኮ ሴት ልጆች አሉኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ቆለፉት?» አልኳቸው።

ሻንጣችንን አስቀምጠው ተመለሱ። እስከ አሁንም ደግ ሰው ይሁኑ ክፉ ሰው አልወሰንኩም፤ የሻዩን ስኳር ከራሳቸው ድርሻ እንደሰጡን ግን አውቃለሁ።

ቲማቲም የጫነ መኪና እስከ ሞጆ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ እስከ ናዝሬት። ዓይናለም አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ብትናገርም አይሰማም ነበር። እኔ ግን ለሁለታችን አወራሁ። «ለእማዬ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ሰፈሩን እጠራለሁ፤ ጋሽ ወርቅነህ በዚህ ጎዳና አያልፉም!» እያልኩ ንግግሬን በራሴ አዘጋጀሁ። ማሰሪያ ዓረፍተ ነገሩ ሳይቀር አልቆ ነበር።

ቤት ስንገባ ጋሽ ወርቅነህ ቀድመውን ተቀምጠዋል። በመኪና አይደል የሚሄዱት? የእማዬን ሻይ ይዘው፣ በሚያሳዝን ፊት፣

«ምን ላድርግ እመቤት፣ ልጅቷ ጨዋ ናት። ግን ድምፅዋ አልቻለም። መድረክ አይመጥናትም፤ ተሰነጠቀ» ይላሉ።

አፌን ከፈትኩ። ዓይናለም ትከሻዬን ያዘችና ቀደመችኝ። «እውነታቸውን ነው እማዬ» አለች። ያ ድምፅ ሲወጣ የተሰበረ ገል ይመስል ነበር። «አልቻልኩም።»

እማዬ ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋታል? በጆሮዋ ሰማችው። «አይዞሽ የእኔ ልጅ» ብላ ማርና ሎሚ ልታመጣ ሮጠች። ጋሽ ወርቅነህ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ወጡ። አመሰገኑ! ሻዩን ጨርሰው!

ሌሊት አልጋችን ላይ እያለቀስኩ ነበር፣ ከንዴት። «ለምን? ለምን ዋሸሽ? ከአንቺ የተሻለ ድምፅ የለም ብለው ያጨበጨቡልሽን ሰዎች ሁሉ ነው የካድሽው!»

«ዝም በይ፣ ትሰማናለች» አለች በሹክሹክታ። «እውነቱን ብነግራት ሁለተኛ ከበር አታስወጣኝም። አንቺንም። ሰውዬው እጄን ያዘኝ ካልኳት ዘፈን የሚባል ነገር እዚህ ቤት አለቀ። ጉሮሮ ግን ይድናል። ሲድን «እስቲ ደግሜ ልሞክር» ብላት እሺ ትለኛለች።»

ሦስት ቀን በማርና በሎሚ ዳነ። እኔ ግን አልዳንኩም። እህቴ ወደ መድረክ ለመመለስ ድምፅዋ የማይረባ ነው መባልን መሸከም ካለባት፣ ያንን መንገድ የሠራው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እስካውቅ ድረስ እጽፋለሁ።

እማዬ መሠረተ ትምህርት ከገባች ሦስት ወሯ ነው። ፊደሉን ጨርሳለች፣ አሁን ቃል እየገጣጠመች ነው፤ ማታ ማታ የስፌት መኪናዋ ላይ የለጠፈችውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ይህን ያህል ገጽ እስክትዘልቅ ድረስ እህቴ ሌላ መድረክ ላይ ትሆናለች። ደብተሩ ፍራሼ ሥር ነው። ላንጋኖ እንዴት ነው የምትሉኝ እየመጣችሁ እዚሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ጮክ ብላችሁ ግን እንዳታነቡ።